አሥራ ሁለተኛው አጥንት

የብርጓል ሰፌዱ ላይ የሰበሰበችውን አጥንት ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። አሥራ አንድ ነው። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው፤ ማን የትኛውን እንደበላም ያወጣችው ራሷ ስለሆነች ታውቃለች። የጎደለው አንዱ መላላጫ ነው። እሱን ያወጣችው ደግሞ ለአማቷ ለአያ እንዳላማው ነው።

ጎረቤቱ በዚህ ቆጠራዋ ይስቅባታል፤ ጋብዛ አጥንት የምታስመልስ ሴት ይሏታል። ይሳቁ። ካቻምና ለገና የቀድሞ ውሻቸው የዶሮ አጥንት ውጦ በሁለተኛው ቀን ሞተ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጅብ በረቱን ሰብሮ አራት በግ ፈጀባቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት እንደሚበሳ፣ ሽንኩርት የበዛበት ወጥም ለውሻ መርዝ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪም የነገራት ከዚያ በኋላ ነው።

ከደጅ የመታነቅ ድምፅ ሰማችና ሮጠች። አዲሱ ውሻቸው መቻል በፊት እግሩ አፉን እየቧጠጠ ይንከባለላል፤ ለሐጩ መሬት ነክቷል። ባሏ ምናለ ሊይዘው ሲጠጋ ጥርሱን አሳየው። መቻል አፉን የሚያስነካው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ገና ቡችላ ሳለ ከቁይ ገበያ በጋቢያቸው አቅፈው ላመጡት ለአያ እንዳላማው።

ሽማግሌው ከንስሐ አባታቸው ከመምሬ ታዲዮስ ጋር መደብ ላይ ተቀምጠዋል። በፋሲካ ቀን፣ ቄስ ፊት፣ አማትን ስለ አጥንት መጠየቅ ነውር እንደሆነ የብርጓል አጥታው አይደለም። ፈራች፤ ግን ጠየቀች።

"አባየ፣ የእርስዎ አጥንት የት ደረሰ?"

ምናለ ከኋላዋ ቀሚሷን ጎተተ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመሶቡ አላነሡም።

"ጥዬዋለሁ።"

"መቻል ታንቋል። ከእርስዎ በቀር አፉን የሚያስነካው የለም። ሰጥተውት ከሆነ ይንገሩኝ፣ ቅር አይለኝም።"

ውሸቷን ነው፤ በጣም ተናዳለች። አያ እንዳላማው የጠላ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"አምሳ አምስት ቀን ከእኛ እኩል ደረቅ እንጀራ ሲበላ ከረመ" አሉ። "ዛሬ እኔ ስገድፍ እሱ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ አልቻልኩም።"

መምሬ ታዲዮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ታዲያ ይነሡ እንጂ" አሉ።

ሽማግሌው በአዲስ ጋቢያቸው አቧራው ላይ ተንበረከኩ። የውሻውን ራስ በጉልበታቸው መሃል ይዘው እጃቸውን አፉ ውስጥ ከተቱ። መቻል አጉረመረመ፤ ጥርሱም ጣታቸው ላይ አረፈ። እጃቸውን አላወጡም። አጥንቱ ከላይኞቹ መንጋጋዎች መሃል ተጋድሞ ተሰንቅሯል። አንዴ ሳቡ፣ አልወጣም። ሁለተኛ ሲስቡ ከደም ጋር ወጣ።

የብርጓል ተቀብላ በቀሚሷ ጠራረገችና አገላብጣ አየችው። ሁለቱም ጫፉ ሙሉ ነው፤ ወደ ሆዱ የገባ ስባሪ የለም። መቻል ውሃ ሲጠጣ እያየች የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሁለተኛው ዶሮ ሲቀርብ መምሬ ገና አልሄዱም። ምናለ የአባቱ ድርሻ የሚለወጥ መስሎት ሚስቱን በዓይኑ ይከታተላል። የብርጓል መላላጫውን እንደ ቅድሙ ለአማቷ አወጣች። መቻልም እንደ ቅድሙ መጥቶ በር ላይ ተቀመጠ። አያ እንዳላማው በልተው ሲጨርሱ አጥንቱን ጨርቅ በተጠመጠመበት እጃቸው ጨበጡት፤ ሰፌዱን ይዛ እስክትመጣ አለቀቁትም።

"እንቺ፣ ቁጠሪ" አሏት።

የብርጓል አልተቀበለቻቸውም። ሰፌዱን ከፊታቸው አኖረችው።

"ከዛሬ ጀምሮ የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት።"

ሽማግሌው አጥንታቸውን አኑረው ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ወደ ንስሐ አባታቸው ዞሩ።

"መምሬ፣ የእርስዎ የት ደረሰ?"