ያልመጡት እንግዶች

ሠዓሊው ፊት መሳል አይችልም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የተወለደ ጣጣ ነው። እጅ ይስላል፣ ትከሻ ይስላል፣ የተጨማደደ ካፖርት ከሸራው ላይ አንስቶ መልበስ እስኪያሰኝ ድረስ ይስላል። ፊት ላይ ሲደርስ ግን አፍንጫው ወደ አንድ ወገን ይሄድበታል፣ ዐይኖቹም እንደተጣሉ ባልና ሚስት አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ይሆኑበታል። በተማሪነቱ መምህሩ "አንተ ልጅ፣ የሰው ዘር ምን በደለህ?" ይሉት ነበር። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ፊቱን ባዶ መተው ጀመረ።

በመጀመሪያው የሥዕል ዐውደ ርእይ ላይ አንዲት ጋዜጠኛ "ሰዎቹ ለምን ፊት የላቸውም?" ብላ ጠየቀችው። እውነቱን ቢናገር ምን ነበረበት? ነገር ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ከረባቱ አንቆታል፣ ጋዜጠኛዋም ቆንጆ ናት።

"እንዲህ ሆነው ነው የሚመጡልኝ" አላት።

"እነማን?"

"እንግዶቼ። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። ያናግሩኛል።"

በማግስቱ ጋዜጣው "ባለ ራእዩ" ብሎ ጻፈ። ስሙም በዚያው ጸናበት።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የሱ ውሸት ግን እያደር ወፈረ። ሥዕሎቹ ባሕር ተሻገሩ። ምሁራን ስለ እንግዶቹ መጽሐፍ ጻፉ። ጥበብና ቅዠት የአንድ እናት ልጆች ናቸው እየተባለ በሚወራባቸው ስብሰባዎች ሁሉ የክብር ወንበር ተሰጠው። ከጎኑ ከሚቀመጡት መካከል አንዳንዶቹ የምር የሚያዩ፣ የምር የሚሰሙ ነበሩ። እነሱ ብዙ አይናገሩም፤ ውሃ ሲጠጡ ብርጭቆው በእጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንደበተ ርቱዕ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ሆድ ያውቃልና ከእነሱ ጋር ዐይን ለዐይን እንዳይጋጠም ሁልጊዜ ዳር ዳሩን ይመርጥ ነበር።

ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ "እንግዶችህ ዛሬ ቁርስ በሉ?" እያለች ታሾፍበታለች። እሱም ይስቃል። ከዚያ ግን አንድ ምሽት በቴሌቪዥን ቀረበና አቅራቢው "ታክመው ያውቃሉ?" ሲለው፣ አፉ ከልቡ ቀደመ። "መድኃኒት ሰጥተውኝ ነበር፤ ሽንት ቤት ደፋሁት። እንግዶቼን ከማጣ ራሴ ብጠፋ ይሻለኛል" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሚስቱ ያን ዕለት አላሾፈችም። "ይቺን ባትል ጥሩ ነበር" አለችና ደብተር ማረሟን ቀጠለች።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ረፋድ ላይ የሥዕል ክፍሉ በር ተንኳኳ። ሲከፍተው አንዲት ሴት ቆማለች፤ የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ክር ያለበት መርፌም ደረቷ ላይ ሰክታ ረስታዋለች። ልብስ ሰፊ መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ስትገባ ግድግዳውን ሸሽታ፣ በክፍሉ መሐል ለመሐል፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ነው የተራመደችው።

"ጋሼ፣ ሥራ አስፈታሁዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የልጄ ነገር ነው።"

ልጅቷ ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ ድምፅ ትሰማ ነበር። ብዙ ተንከራተቱ፤ በመጨረሻ መድኃኒቱ ተስማማት። ጸጉር ቤት ሥራ ያዘች፣ ከጓደኞቿ ጋር ሲኒማ መሄድ ጀመረች። ከዚያ ሠዓሊውን በቴሌቪዥን አየችው።

"በማግስቱ ስነሳ ብልቃጡን ባዶውን ሽንት ቤት አገኘሁት" አለች እናት። "አሁን ያበሰልኩትን አትበላም፤ መርዝ አለበት ትለኛለች። ሐኪሞቹ ሐሙስ መጥተን እንወስዳታለን ብለዋል። ባለፈው በጉልበት ሲወስዷት ክንዷ ወልቋል፣ ጋሼ። በገዛ ፈቃዷ ብትሄድልኝ ብዬ ነው። እኔን አትሰማም። እርስዎን ግን አምላኳ አድርጋዎታለች።"

ሠዓሊው ስድቡን ጠበቀ። ብትሰድበው በቀለለው ነበር።

"እርስዎ ደግሞ ያውቁታል" ቀጠለች። "እንዴት እንደሚያደክም። እግዜር ያበርታዎት።" ከዚያም ግድግዳውን ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አሁንም አሉ እንዴ? እንዳልረግጣቸው ብዬ ነው።"

በመሐል የተራመደችው ለካ ለዚህ ነበር! ሠዓሊው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጸጉሩ ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሱ የፈጠራቸውን እንግዶች እሷ አክብራ ዞራላቸዋለች። ያኔ እንኳ እውነቱ ከአፉ አልወጣም።

"አሁን... የሉም" አላት። "ነገ እመጣለሁ።"

እንደወጣች ለሚስቱ ደወለ። "ሂድና እውነቱን ንገራት" አለችው።

"እናትየው ፊት?"

"እናትየው ፊት።"

እሱ ግን ሌላ ዘዴ ዘየደ፤ እሾህን በእሾህ። እኔም መድኃኒቴን መልሼ ጀምሬያለሁ ይላታል፤ ልጅቷ እሱን ብላ ትጀምራለች፤ የእሱም ስም ሳይጎድፍ ይቀራል። ሌሊቱን ይህን ሲያሰላስል አድሮ በራሱ ብልሃት ተጽናና። ሰው የገዛ ክብሩን ሲያድን ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከልብስ ስፌቱ ሱቅ በላይ ወዳለችው ጠባብ ቤት ወጣ። መስተዋቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯን ራሷ ስለቆረጠችው አንዱ ጎን ረዝሟል። ስታየው ፊቷ በራ፤ ብድግ ብላ ወንበሩን በእጅጌዋ ጠረገችለት። እናትየው ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ከቴሌቪዥኑ በኋላ እኔም አስቤበት መድኃኒቴን መልሼ ጀምሬያለሁ" አላት፣ እንዳጠናው። "ደኅና ነው።"

"የትኛውን?"

"ያንን... ነጩን።"

"አፍዎትን አያደርቀውም?"

"አያደርቅም።"

"እግርዎትስ? እኔን ቁጭ ማለት ከልክሎኝ ነበር። ዝም ብዬ ስመላለስ እውል ነበር።"

"እኔን... ብዙም አላስቸገረኝም።"

ልጅቷ ሳቀች። የፌዝ ሳቅ አልነበረም፤ ስኳር ሲሰርቅ የተያዘን ልጅ እንደሚስቁበት ዓይነት ነው። "ጋሼ ደግሞ! አንድም ቀን ውጠው አያውቁም።"

ሠዓሊው አንገቱን ደፋ። እናትየው ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ሌላ መውጫ እንዳልቀረለት ያኔ ገባው።

"እውነትሽን ነው፤ ውጬ አላውቅም" አለ። "አሞኝም አያውቅም። እንግዶች የሚባሉ የሉኝም። ፊት መሳል ስለማልችል ነው ባዶ የምተወው። ሰው ሲጠይቀኝ አፈርኩና ዋሸሁ፤ ሰው ሲያጨበጭብልኝ ደገምኩት። አንድም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። መድኃኒት ደፋሁ ያልኩትም ውሸት ነው፣ ማንም መድኃኒት ሰጥቶኝ አያውቅም።" እናትየውን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። "የኔ ወሬ ነው። የአንቺ ግን ሕመም ነው፤ የሚታከም ሕመም። በኔ ውሸት ተጎዳሽ። እባክሽ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ከሐኪሞቹ ጋር በፈቃድሽ ሂጂ።"

ልጅቷ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ስታዳምጥ ቆየች። የምታዳምጠው እሱን ብቻ አልነበረም። ከዚያ ተጠግታ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። አንቱታውን ተወችው።

"አይዞህ" አለችው። "ድምፆቹ ትናንት ነግረውኛል። 'ነገ ይመጣል፤ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም ብሎ ይምልልሻል፤ አስገድደውት ነው' ብለውኛል። እኔ እኮ አንዳንዴ እጠረጥራቸው ነበር። ይዋሹኝ ይሆን እል ነበር። ዛሬ ግን አንድ ቃል አልሳቱም።"

"ማንም አላስገደደኝም!"

"እሱንም ትላለህ ብለውኛል።" ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። "አታስብ። ለማንም አልናገርብህም።"

እናትየው እስከ ደረጃው ሸኘችው። በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ቆመች።

"እንግዲያው እርስዎ ጤነኛ ነዎት?"

"አዎ።"

"ተመስገን" አለች። ስላቅ ፈልጎ ፊቷን አጠናው፤ የለም። ከልቧ ነው። ስላቅ ቢሆን ይችለው ነበር።

"ነገም እመጣለሁ" አለ ተጣድፎ። "በየቀኑ እመጣለሁ። ቴሌቪዥን ላይም ወጥቼ ሁሉንም እናገራለሁ፣ ሕዝቡ ይስማኝ..."

"አይምጡ" አለች እናት። "በመጡ ቁጥር፣ በተናገሩ ቁጥር፣ እነሱ ልክ ነበሩ ትላለች።"

እናትየው "ደረጃው ያዳልጣል፣ ቀስ ብለው ይውረዱ" አለችውና ወደ ልጇ ተመለሰች።