ለቂም ሩጫ የሚሆን ሞተር

...እሱ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም፣ የፒካፑ የኋላ መዝጊያ ላይ ያለው ስርጉድ የእሷ የአካፋ ምት ነው፣ የገዛ እጇን ሥራ እንዴት ትስታለች፣ አባቷ በተቀበረ በአምስተኛው ቀን እስከ ወንድሟ እስከ ዶይል ደጃፍ ሄዳ ያሳረፈችው፣ እሱም በመስኮት ብቅ ብሎ ሬይሊን አብደሻል እንዴ ሲላት፣ አዎ አብጃለሁ፣ ወንድ ከሆንክ ውጣ ያለችው። አልወጣም። ፈሪ። አሁን ያ ነጭ ፒካፕ ጣሪያው ተጨፍልቆ፣ መስታወቱ ረግፎ በሚስተር ሃርላን የአሮጌ መኪና ግቢ ጭቃ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ እሷ የመጣችው ለአሮጌ መኪናዋ ለሸቬሏ ሞተር ልትመርጥ ነው እንጂ የዶይልን ውድቀት ልታይ አይደለም፣ ቢሆንም ደስ ይላል፣ ለምን ትዋሻለች፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል።

እሱን ተይው የኔ ልጅ፣ ይላል ሚስተር ሃርላን ሱሪውን ወደ ላይ እየሳበ፣ ባለፈው ወር ወንዙ ዳር ተገልብጦ የመጣ ነው፣ ሹፌሩን ጭረት አልነካውም፣ መኪናው ግን ይኸው። ላንቺ የሚሆነው ያ ብርማው ነው፣ የአንዲት ጡረተኛ ነበር፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት፣ ሞተሩ አሉሚኒየም፣ ቀላል፣ ገና ምኑ ተነካ። እስከ ቀትር ወስኚ፣ ሌላ ሰው ደውሎልኛል።

ትክክል ነው፣ ሽማግሌው ትክክል ነው፣ አእምሮ ያለው ሰው ብርማውን ይወስዳል። ግን አእምሮዋ ዛሬ አብሯት አልመጣም፣ ቂሟ ነው ነድቶ ያመጣት፣ አራት ዓመት ሙሉ የነዳት እሱ ነው፣ ጠዋት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ስታስነሳ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትንበረከክ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው ይባላል፣ ይባል።

አባቷ በጎረምሳነቱ የገዛት ሸቬል። የሞተሩ ቁጥርና የሻንሲው ቁጥር የሚገጥም፣ ከፋብሪካ እንደወጣች፣ እንግዳ ሲመጣ ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ ቁጥሩን እየወለወለ የሚያሳየው፣ ይቺ የሬይሊን ናት፣ ይል ነበር፣ ዶይልም እየሰማ። ከዚያ ሆስፒታል፣ ስድስት ሳምንት፣ እሷ የአባቷን ከንፈር በእርጥብ ጥጥ ስታረጥብ ዶይል የሞተር ማንሻ ይዞ መኪናዋ የቆመችበት ጎተራ ውስጥ ገባ። ቤት ስትመለስ የሸቬሏ ኮፈን ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ፣ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ። አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ፣ አላት በስልክ፣ ገበያ ልትሄጂበት ነው? እና ቀብሩ። አልመጣም። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ፣ አክስቷ ዶይልስ ብላ ጠየቀች፣ መንገድ ላይ ነው አለች፣ ስለ እሱ ዋሸች፣ አፈሩን ብቻዋን በተነች። እሱ ግን ሞተሩን የራሱ መወዳደሪያ መኪና ላይ ገጥሞ በየበጋው ያሸንፍበታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ኦክቶበር ላይ፣ ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ የቂም ሩጫው። መሮጫው ቀጥ ያለ ጎዳና ነው፣ የዚያን ቀን የሰዓት ሰሌዳውን ያጠፉታል፣ የተቀያየሙ ሰዎች ስማቸውን ጎን ለጎን ያስጽፋሉ፣ ማን ስንት ሰከንድ ገባ የሚል የለም፣ ማን ቀደመ ብቻ። እሷ ሬይሊን ብላ አስጻፈች፣ ከጎኑ ዶይል። ሳቀ። በምን ልትመጪ ነው፣ ገፍተሽ?

በዚህ ብትመጣስ። በራሱ ፒካፕ ሞተር። እሱ በእሷ፣ እሷ በእሱ። ቀድማው፣ ሕዝቡ ከቦ፣ ኮፈኑን ብድግ አድርጋ፣ አወቅከው ዶይል? ብትለው። ወይኔ፣ ማሰቡ ራሱ ያሰክራል። ሞተር ውስጥ አየር የሚገፋው ቱርቦ ጎተራ ውስጥ ተዘጋጅቷል፣ ይሄ ሞተር ደግሞ ብረት ነው፣ ከባድ ነው ግን ግፊት ይችላል፣ ምክንያት አላት እኮ፣ ምክንያት ፍለጋ አይደለም፣ ነው እንጂ፣ ነው። ግን ዶይል! የጠጣበትን ኩባያ የማያጥብ ሰው፣ ዘይት መቼ ቀይሮ ያውቃል፣ ውስጡ ሬንጅ ነው የሚሆነው፣ መንገድ ላይ ቢፈነዳባት የአገሩ መሳቂያ ናት፣ እስክትሞት ገፍታ መጣች ይሏታል።

ኮፈኑን በብረት ፈልቅቃ ካንዴላዎቹን ታወጣለች። ሞተሩን የሚያዞረው የኮሎው ቡሎን ላይ ረጅሙን ቁልፍ ታስገባለች፣ ትስባለች። ይዞራል። አልተጣበቀም። የዘይት ክዳኑን ትፈታለች፣ ሬንጁን ልታይ፣ እንዲሆንላት እየፈለገች፣ ሬንጅ ሁን፣ ሬንጅ ሁንና ብርማውን ልውሰድ።

ዘይቱ ወርቅ። ንጹህ። ከታች ያለው ብረት እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ደሟ ይፈላል፣ ለምን፣ ጥሩ ሞተር አገኘሽ፣ ምን ያናድድሻል? ያናድዳታል፣ የማይረባ መሆን ነበረበት፣ አራት ዓመት የማይረባ አድርጋ የሠራችው ሰው ነው።

ወደ ሹፌሩ በር ትሄዳለች፣ እጇ ከእሷ ቀድሞ ያውቃል፣ በሩን ትጎትታለች፣ ሲጢጥ ይላል፣ ከበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ አዎ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ በእርሳስ የተጻፈ። የአባቷ ደንብ። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቀኑና የሄደው ርቀት፣ በእርሳስ፣ ስክሪብቶ ፀሐይ ይበላዋል እርሳስ ግን አይጠፋም እያለ፣ ሰባት ቁጥርን ወገቧ ላይ እየሰረዘ፣ ጀርመን አገር ወታደር ሆኖ የለመደውን። ይኸው የዶይል ሰባቶች፣ ሁሉም ወገባቸው ላይ ተሰርዘዋል። የእሷም እንደዚሁ ናቸው።

ታነባለች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ። ማርች አሥራ ሰባት፣ የዛሬ አራት ዓመት።

ማርች አሥራ ሰባት የቀብሩ ቀን ነው።

እናታቸው የተቀበረች ቀን አባቷ ከመቃብር መጥቶ ሙሉ ልብሱን ሳያወልቅ መኪናው ስር ገባ፣ ዘይት ቀየረ፣ እስከ ክርኑ ድረስ ጥቁር ሆነ፣ እሷና ዶይል መሬት ላይ ተቀምጠው ቁልፍ ሲያቀብሉት ዋሉ። እና አንተም ዶይል፣ እዚያ ነበርክ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አንተን ሲጠብቅ እንደ አባታችን መኪና ስር ተኝተህ።

ታዲያ ምን ይሁን? ታዝንለት? አታዝንም። እሷም አባት ነው የሞተባት፣ እሷም መኪና ስር ገብታ መደበቅ ትችል ነበር፣ ግን አንድ ሰው ወንበሩ ላይ መቀመጥ ነበረበት። ሐዘኑን ብቻውን ዋጠው፣ ሞተሯንም፣ ሌባ፣ ስስታም፣ ለእሷ ቀብሩን ብቻ ተወላት። አውራ ጣቷን የእርሳሱ ጽሑፍ ላይ ታመላልሳለች። ንዴት ነው። ንዴት ይሁን።

እህሳ? ይላል ሚስተር ሃርላን።

ይሄን።

አንቺ ልጅ፣ ያኛው ይሻላል አልኩሽ እኮ።

ሰምቻለሁ ሚስተር ሃርላን፣ የዚህን ሞተር ያውርዱልኝ። እርሳስ አለዎት?

ከጆሮው ላይ አውርዶ ይሰጣታል። ከወንድሟ የመጨረሻ መስመር ስር የዛሬን ቀን ትጽፋለች፣ ርቀቱንም፣ ሰባቷን ወገቧ ላይ ሰርዛ። ከዚያ ፕላስተሩን በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ትልጣለች፣ እንዳይቀደድ ትንፋሿን ይዛ፣ ቤት ስትደርስ ሸቬሏ በር ላይ ትለጥፈዋለች። ዶይል ይሸነፋል። ተሸንፎ፣ የምን ሞተር ነው ብሎ፣ ማመን አቅቶት ይመጣል፣ በሩን ይከፍታል፣ የራሱን ጽሑፍ ያነባል፣ ከስሩ የእሷን። ያኔ ቀና ብሎ ያያታል። እሷም ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፣ የቀብሩ ቀን የት ነበርክ ብላ ግን አትጠይቀውም።