የወይዘሮ ኦክቡን ጋኖችና የቱርኮች መድፍ

በዚያ ፀደይ ጠላት ከሰሜን ዳግመኛ ሲገሰግስ፣ ኮሪያን ሊረዱ ባሕር አቋርጠው የመጡት ቱርኮች ለመድፋቸው የወይዘሮ ኦክቡንን ጓሮ መረጡ። ከፍ ያለ፣ ፀሐይ የማይለየው ጓሮ ነው፤ ወይዘሮዋም ሰባት ጋኖቻቸውን የደረደሩበት ስለዚሁ ነበር። በትልቁ ጋን ውስጥ አማታቸው የጀመሩት፣ በየዓመቱ እየተጨመረበት አርባ ዓመት ያልነጠፈ፣ በጨውና በፀሐይ የሚብላላ የአኩሪ አተር መረቅ አለ። ወይዘሮዋ ልጆች ድረዋል፣ ባል ቀብረዋል፤ ያ ጋን ግን አንድም ቀን ባዶውን አላደረም።

መድፉ በማግስቱ እንደሚመጣ ሲነገራቸው፣ ወይዘሮ ኦክቡን የሩዝ ገለባ ወደ ግራ ገመዱ፤ ቀይ በርበሬና ከሰል ሰኩበት፤ በራቸው ላይም ወጠሩት። በአገሩ ይህን ገመድ ያየ ሁሉ በቤቱ ወንድ ልጅ መወለዱን ያውቃል፤ ሃያ አንድ ቀን እስኪሞላም ባዕድ እግር ደጁን አይረግጥም።

ጧት ከመድፈኞቹ አዛዥ ከመቶ አለቃ ሩስተም ጋር የመጣው አስተርጓሚ ፒዮ ገመዱን ሲያይ እንደ ደነበረ በቅሎ ቆመ።

«አያቴ፣ ማን ወለደ?»

«እኔ።»

«በስልሳ ሦስት ዓመትዎ?»

«ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም። ምን ታፈጥብኛለህ? ንገረው!»

«ባልዎ እኮ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው!»

«እሳቸውም ድሮ ዝግተኛ ነበሩ።»

ፒዮ ላብ እያጠመቀው ተረጎመ። መቶ አለቃ ሩስተም የወይዘሮዋን ሽበት፣ ገመዱንና ከአጥሩ በላይ ብቅ ያሉትን ጋኖች በየተራ አየ። ከጢሙ ሥር ፈገግታ ቢጤ ሽው አለ።

«እንኳን ደስ ያለዎት በላቸው። እኛ አገር አራስ የምትጠበቀው አርባ ቀን ነው፤ ከዚያ አናጎድልባቸውም።»

መድፉ ከጓሮው ማዶ ካሉት ጥዶች ጀርባ ተተከለ። በሩ ላይ ግን ዘብ ቆመ። ወይዘሮዋ ረፋዱ ላይ የጋኖቹን ክዳን ለፀሐይ ሊከፍቱ ብቅ ሲሉ፣ ዘቡ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ውስጥ መለሳቸው።

«አራስን ነፋስ እንዳይመታት ታዝዟል» አለ ፒዮ፣ ሳቁን እየዋጠ።

«መረቁ ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል!»

«ታዲያ ሄጄ እውነቱን ልናገርልዎ?»

ወይዘሮ ኦክቡን ወደ ጥዶቹ አዩ። እውነቱ ከወጣ መድፉ ጓሮው ውስጥ ይገባል፤ ዝም ካሉ መረቁ ይበላሻል።

«እጁን ይታጠብና እሱ ይክፈትልኝ በለው! አራስ አይደለሁ? ማን ይታዘዘኝ?»

ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጠቁር፣ ዘቡ ጠብመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ረፋዱ ላይ የከፈታቸውን ጋኖች ዝናብ ሳይገባባቸው ሊከድን ሮጠ። ከመስኮቱ የአራሷ ጩኸት ተከተለው፦ «ትልቁን! ትልቁን አስቀድም፣ አንተ ጢማም!»

ዘቡ ኮሪያኛ አያውቅም። ቁጣው ግን ስለገባው፣ ያነሳውን ትንሽ ክዳን በቀስታ አስቀምጦ ወደ ትልቁ ጋን ዞረ።