ጓድ ማርያም

ስሜ ተክለ ማርያም ነው። በደርግ ዘመን አዋሽ አጠገብ ባለ የመንግሥት ጥጥ እርሻ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አዲሱ ጸሐፊ፣ የአዋሽ ሙቀት ናላውን አዙሮት ይሁን አላውቅም፣ የደመወዝ መዝገቡ ላይ ስሜን ለሁለት ሰንጥቆ አንዱን መስመር ለተክለ፣ ሌላውን ለማርያም ሰጠ። በግንቦት ሁለት ፖስታ ደረሰኝ። የደመወዝ ጭማሪ መስሎኝ ለልጆቼ ጫማ ገዛሁ፤ ከከድሩ ሱቅ የወሰድኩትን ዱቤም ዘጋሁ።

በሰኔም ሁለት ፖስታ ሲመጣ ነገሩ ገባኝ። አንዱን ይዤ ወደ ገንዘብ ያዡ ወደ እሸቴ ሄድኩ።

"በስህተት ነው የከፈላችሁኝ። የግንቦቱን በየወሩ እየቆረጣችሁ ውሰዱ" አልኩት።

መዝገቡን አገላበጠ። "ጓድ ተክለ፣ ይህ የጓድ ማርያም ደመወዝ ነው።"

"ማርያም እኔ ነኝ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "ለመክፈል ከሆነ ማንም ቢፈርም ግድ የለም" አለ።

አምስት ወር ሙሉ ቆረጠኝ። የማርያምን የእናት አገር ጥሪ መዋጮም ጨመረበት። ቤቴ ጎመን በጎመን ሆነ።

ቆረጣው እንዳለቀ የእርሻው ኮከብ ሠራተኛ ተመረጠ፤ ማርያም ናት። አንድም ቀን ፈቃድ አልጠየቀችም፣ ደመወዟንም ለመንግሥት መልሳለች ተባለ። ሽልማቱ አንድ ጣቃ አቡጄዲ ነበር። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ተነስቼ እጄን ዘረጋሁ።

እሸቴ አቡጄዲውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

"ለመቀበል ግን" አለኝ፣ "ራሷ መምጣት አለባት።"