ማንም ማንኪያ ያልገዛበት ሳምንት

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር ይታወቅ ዘንድ፦ ከማክሰኞ ረፋድ ጀምሮ አንድም ሰው፣ በማንም አማካይነት፣ አንዲት ማንኪያ አልገዛም። ይህን ያለው የሱቁ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ ደግሞ አይዋሽም ይባላል።

ዳኛዋ ግን "ቆጣሪ አይዋሽም" ያለውን ሰው ብታገኘው በመጥበሻ ነበር የምታናግረው። "ዳኛ" ያሏት አንባቢዎቿ ናቸው። በስልክ በሚነበበው ገጿ ላይ ድስት፣ መጥበሻና ሳህን ትፈትናለች። ታቃጥላቸዋለች፣ ትጥላቸዋለች፣ በሽቦ ትፍቃቸዋለች፤ ከዚያ ትፈርዳለች። ከፍርዱ ሥር ወደ አንድ የዕቃ ሱቅ የሚወስድ ሊንክ ታስቀምጣለች። አንባቢው በሊንኩ ገብቶ ከገዛ፣ ቆጣሪው "ይህን ሰው ያመጣችው እሷ ናት" ብሎ ይመዘግብላታል። የምትተዳደረው በዚህ ነው።

ከሁለት ወር ወዲህ ቆጣሪው አመል አወጣ። ሰኞ ሰኞ እንደ ጉድ ይቆጥራል፤ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ጭጭ ይላል። አክስቷ ማክሰኞ ዕለት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዳኛዋ በዓይኗ እያየች ስድስት ማንኪያ ገዝተዋል። ቆጣሪው ግን "ማን? አክስት? አላየሁም" አለ። ለሱቁ አቤት ብትል መልሱ አጭር ነበር፦ "ቆጣሪያችን ጤነኛ ነው። ያላመጡትን ገዢ አመጣሁ ማለት ያሰርዛል። ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ኃላፊያችን ራሷ በዕለቱ ጽሑፍዎ በኩል ገብታ አንድ ሳህን ትገዛለች። ካልተቆጠረ ከአጋሮቻችን ዝርዝር ይወጣሉ።"

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ተጠራ። ሐኪሙ እንኳ ሐኪም አይደለም፤ ጎረቤት የሚኖር ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ማንኛውንም ማሽን "ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመው?" ብሎ ስለሚጀምር ስሙ እዚያው ቀረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ወር።"

"ሌሊት ያስለዋል?"

"አትቀልድብኝ! ነገ ልሰረዝ ነው እኮ።"

ሐኪሙ ያረረ ድስቱን ገፋ አድርጎ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሱቁ በኢሜይል ደብዳቤ የላከላትን ሊንክ በራሱ ስልክ ተጭኖ አንድ ሲኒ ገዛ፤ ተቆጠረ። በሷ ስልክ ደገመ፤ ተቆጠረ። ኔትወርክ ቀየረ፤ ተቆጠረ።

"ኩኪውን ሙልጭ አድርጌ ላጥፋው" አለ፤ ስልኩ የገባበትን ገጽ የሚያስታውስበትን መዝገብ ማለቱ ነው።

"የምን ብስኩት ነው የምትጥሉት?" የሚል ድምፅ ከውስጠኛው ክፍል መጣ። "ካልፈለጋችሁት እዚህ አምጡት!"

ድምፁ የአባቷ ነው። አባቷ በማተሚያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አራሚ ሆኖ ሠርቶ፣ ከሁለት ወር በፊት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤት በዋለ በሳምንቱ የልጁን ገጽ አነበበና ራሱን ያዘ። "ልጄ፣ ይሄ በሰው ፊት ይወጣል?" አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጽሑፏን በወረቀት አትማ ትሰጠዋለች። እሱ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል፣ እርማቱን በአንድ ጣቱ እየለቀመ ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባል፣ በመጨረሻም "አትም" የሚለውን ቁልፍ ፊርማ እንደሚያኖር ሰው ይጫናል። ሰኞ ሰኞ ብቻ ለጉልበቱ ሕክምና ስለሚሄድ ራሷ ትለጥፋለች። ማታ መጥቶ የሰኞን ጽሑፍ እያነበበ ያቃስታል፤ ግን አይነካውም። የታተመ ነገር አይነካም።

"አክስትሽ በየት በኩል ነው የገቡት?" አለ ሐኪሙ፣ ድንገት ቀና ብሎ።

"ከገጼ ላይ ነዋ።"

"እኛስ?"

ሁለቱም ደብዳቤውን አዩት። ጠዋቱን ሙሉ የሞከሩት በደብዳቤው ላይ ያለውን ሊንክ ነበር።

"አየሽ" አለ ሐኪሙ፣ "እስካሁን ስንመረምር የነበረው የበሽተኛውን ወንድም ነው።"

የሰኞን እና የማክሰኞን ጽሑፎች ጎን ለጎን ከፈቱ። የሐኪሙ ፊት ግራ እየተጋባ ሄደ።

"ዳኛ፣ 'መጥብሻ' ብለሽ የጻፍሽበት ተቆጥሯል። 'መጥበሻ' ያልሽበት አልተቆጠረም። እዚህ 'ድስጥ' ብለሻል፤ ተቆጥሯል። 'ድስት'፤ አልተቆጠረም። ያለፈውንም ሰኞ እይው፤ በስህተት የታጨቀ ነው፤ እንደ ጉድ ተቆጥሯል።"

"እና ሱቁ መሃይም ነው የሚወደው?"

"እኔ የማየውን ነው የምነግርሽ።"

ሊንኮቹን አጉልተው እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብለው አነበቡ። ሱቁ ለያንዳንዱ አጋር መለያ ቃል ሰጥቶ ነበር፤ የሷ "ሳህን" የሚል ሆኖ ከሊንኩ ጭራ ላይ ተለጥፏል። ሐኪሙ የሰኞውን "ሳህን" አለ። እሷ የማክሰኞውን "ሳሕን" አለች። አንድ ነው። ደግመው አነበቡት። አንድ ነው።

አባቷ ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ፣ ከሦስት እርምጃ ላይ፣ ያለ መነጽሩ፣ ስክሪኑን በዓይኑ ገረፍ አደረገው።

"የሰኞው ተሳስቷል" አለ። "ሳሕን በሐመሩ ሐ ነው። የናንተው በሃሌታው ሀ ነው።"

ብርጭቆውን ሞልቶ ሊመለስ ሲል ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው እያዩት መሆኑን ልብ አለ።

"አባዬ... ሊንኩንም ታርመዋለህ?"

"ሳላርም ላሳልፍ?"

ነገሩ ለጆሮ አንድ ነው፤ ለማሽን ግን ሃሌታውና ሐመሩ በመልክም አይተዋወቁም። "ሳሕን" ብሎ የመጣ ገዢ የሱቁ በር ይከፈትለታል፣ ማንኪያውንም ይገዛል፤ ማን እንዳመጣው ግን አይታወቅም።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቃል አይደለም" አለ ሐኪሙ፣ በትሕትና። "አድራሻ በሉት።"

"አድራሻ በስህተት ይጻፋል?"

"እነሱ እንደዚያ መዝግበውታል፤ ዓመቱ ሳያልቅ አይቀየርም ይላል ውሉ።"

"እንግዲያው እነሱን አርሟቸው። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ በኔ እጅ አንድ ሳሕን በሃሌታው አላለፈም፤ አሁን በስተርጅና አይጀምርም።" በሩ ተዘጋ። ወዲያው ተከፈተ። "ብስኩቱስ?"

"ብስኩት የለም፣ አባዬ።"

ተዘጋ።

"ቀላል ነው" አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ነገ እሳቸው ካሳተሙ በኋላ ግቢና ያቺን አንዲት ፊደል መልሻት።"

"እሱ ካሳለፈው በኋላ? ማተሚያ ቤት ሳለ ካሳለፈው በኋላ የነካበት ሰው አንድ ብቻ ነው። ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየው ይሻገራል።"

"ከመሰረዝ አይሻልም?"

ዳኛዋ የተዘጋውን በር አየች። አባቷ ጡረታ የወጣ ሰሞን መስኮት ሥር ተቀምጦ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥፍሩ ሲያርም አይታዋለች። ሥራ ያገኘው ከሷ ነው።

ዓርብ ጠዋት ስለ ሳህን የጻፈችውን አትማ፣ ምንም ሳትል ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ከሥሩ ሊንኩ በሃሌታው ተቀምጧል። ወደ ማብሰያ ቤት ገብታ አንድ ንጹሕ መጥበሻ መፈተግ ጀመረች። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። የእስክሪብቶ ድምፅ ሲፋጭ ይሰማታል፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ፤ ከዚያ የአንድ ጣት ለቀማ፣ ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

ስድስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ላይ የዕለቱን ቆጣሪ በአንድ ዓይኗ ብቻ አየችው።

አንድ።

ሁለተኛውንም ዓይኗን ገለጠች። አንድ ነው። የኃላፊዋ ሳህን ነው።

ሮጣ ገብታ ወረቀቱን አነሳች። ቀይ በቀይ ሆኗል። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ሳህን ሁሉ ያለ ምሕረት በሐመሩ ተተክቷል፤ "ተሰባሪ" የሚለው ቃል እንኳ የማጥበቂያ ነጥብ ተጨምሮበታል። ከሥር፣ ሊንኩ ዘንድ፣ ከሃሌታው ህ አናት ላይ አንዲት ደቃቅ ቀይ ነጥብ ብቻ አለች፤ እስክሪብቶ አርፎ፣ ብዙ ቆይቶ፣ የተነሳበት ቦታ።

አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።

"አባዬ።"

"እ?"

"ሊንኩን አልነካኸውም።"

"አልነካሁትም።"

"ለምን?"

የእስክሪብቶውን ክዳን ፈልጎ አገኘና ቀጭ አድርጎ ገጠመው።

"አላብራራም።"