ጭቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው

እስቲ ንገሩኝ፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሩዝ እርሻ የሚያስተምር ኮሌጅ፣ በበሩ ጭቃ እንዳያልፍ ቢከለክል ምን ትሉታላችሁ? ቀልድ ይመስላል። ሰገን ግን በዚህ ቀልድ አንድ ሙሉ ዓመት ሊቃጠልባት ነበር።

ሰገን የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ናት። ወረታ ላይ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ባልሞላው የግል ኮሌጅ እርሻ ትማራለች። ትምህርቱ በየምክንያቱ ሲቋረጥ ከርሞ የመጨረሻው ፈተና ሐምሌ ላይ ወደቀ። ሐምሌ ማለት ከእነ ሰገን ቤት እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ውሃ የሚሆንበት ወር ነው። መምህርት መሠረት ያዘዙት የተግባር ፈተና በቃል ሲነገር ቀላል ነው፦ ከየማሳችሁ አምስት የሩዝ ቡቃያ፣ አምስት ደግሞ ሩዝ የሚመስለውን አረም ነቅላችሁ አምጡና ፊቴ ለዩ። ከመቶው አርባው ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለሰገን ይህ ፈተና አይባልም። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ስታርም ነው ያደገችው። ሁለቱ ቡቃያዎች ከሩቅ መንትያ ናቸው፤ ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የሚገናኝበትን ገለጥ ስታደርጉት ግን ሩዙ ጠጉራም ጆሮ አለው፣ አረሙ የለውም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ማክሰኞ ዕለት ይዛ ሄዳ ነበር። የዚያን ቀን ቦርሳዋን ያዘጋጁላት እናቷ ካሳነሽ ናቸው። ልጃቸው ጭቃ ተሸክማ ኮሌጅ ስትገባ ማሰቡ ራሱ አሳፈራቸው። ሥሩን በሦስት ውሃ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ እንደ ጎመን አስረው ሰጧት። ወረታ ሲደርስ ቅጠሉ ጠውልጎና ተጠቅልሎ ሩዙ ከአረሙ የማይለይ ሆኖ ነበር።

«ከነአፈሩ ነው ያልኩት» አሉ መምህርት መሠረት። «ዓርብ ድጋሚ ታመጫለሽ። ዓርብ አራት ሰዓት ካለፈ ግን እኔም የማደርገው የለም፤ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

ዓርብ ሲነጋ ቦርሳዋን ራሷ አዘጋጀች። መጀመሪያ የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ ዘረጋችበት። ከዚያ ደረቅ ቀሚስ፣ ሸራ ጫማ፣ ደብተሮቿንና መታወቂያዋን ከተተች። ምሳ ዕቃዋን በጎን ሻጠችው። መሃሉ ላይ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አቆመች፤ አሥሩም ቡቃያዎች ከነጭቃቸው ቆመውበታል።

«ይኸን ሁሉ ጭቃ ይዘሽ ልትገቢ?» አሉ ካሳነሽ።

«አዎ እማ። የተጠየቅሁት እሱን ነው።»

«ምን ይሉናል? ጭቃቸውን ሳያራግፉ መጡ አይሉም?»

«ይበሉ። ማክሰኞ አጥበሽ ስትልኪኝ መቼ አመሰገኑን?»

እናቷ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ የጀሪካኑን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑላት።

ቦርሳዋን በአናቷ ተሸክማ፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ እየገባች አንድ ሰዓት ተኩል ተጓዘች። አስፋልቱ ዳር እግሯን ታጥባ፣ ቀሚሷን ቀይራ፣ ሸራ ጫማዋን አጥልቃ ባጃጅ ያዘች። ኮሌጁ በር ላይ ስትወርድ በልብሷም በእግሯም አንዲት የጭቃ ነጥብ አልነበረችም። ጭቃው ያለው ጀሪካኑ ውስጥ ነው፤ መሆን ባለበት ቦታ።

በሩ ላይ ማክሰኞ ያልነበረ ወረቀት ተለጥፏል። ማኅተም አርፎበታል። ዘበኛው ጋሼ በላቸው ቦርሳዋን ከፈቱና ጨርቁን ገልጠው አዩ።

«ይኸ አይገባም።»

«ጋሼ፣ ሩዝ እኮ ነው።»

«ሩዝ መሆኑ መቼ ጠፋኝ? እኔም ሳርም ያደግሁ ነኝ። ወረቀቱ ግን ጭቃ ነው የሚለው።»

«እና ሩዝ በምን ይብቀልልዎት? በሴራሚክ ላይ?»

«ምላስሽስ መልካም ነው። እጠቢውና ግቢ።»

«ታጥቦ ነው ማክሰኞ የወደቅሁት።»

ሽማግሌው ወደ ሕንፃው ገልመጥ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ላርግሽ ልጄ? ትናንት አንዱን ባሳልፍ ኮሪደሩ ላይ አንጠባጠበና ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ» አሉ።

መምህርቷ ጋ ደወለች፤ ፈተና ላይ ናቸው፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። እሷን መሰል ሦስት ተማሪዎች ፌስታላቸውን አቅፈው አጥሩን ተደግፈዋል። ከወር በፊት የተነጠፈ የሴራሚክ ወለል እንዳይቆሽሽ ተብሎ የእርሻ ተማሪ ከነእርሻው በር ላይ ይቆማል። ይህን የወሰኑት ዲን እርሻ ተምረው ዲግሪ የያዙ ናቸው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

በዚህ መሃል የዲኑ የአቶ እንዳልካቸው መኪና መጣ። ጎማው አይታይም፤ እስከ መከላከያው ድረስ የፎገራ ጥቁር ጭቃ ለብሷል። ጋሼ በላቸው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ማንም ምንም አልፈተሸም። መኪናው እስከ ሕንፃው ደረጃ ድረስ ሁለት ረጃጅም የጭቃ መስመር አስምሮ ቆመ።

ሰገን ጀሪካኑን ብድግ አደረገችና አንዱን የጎማ መስመር ተከትላ ገባች። ጋሼ በላቸው አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ሦስቱም ተማሪዎች ተከተሏት።

ዲኑ ከመኪናው ወርደው ጀሪካኑን አዩ። «ወረቀቱን አላነበብሽም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው አውጪው። ቅሬታ ካለሽ ቢሮ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ተማሪዎች ወደ ደረጃው ወጡ። መምህርት መሠረትም የፈተናውን ወረቀት እንደያዙ በሕንፃው በር ላይ ቆሙ። አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀራል።

«ቢሮ አልመጣም» አለች ሰገን። ጀሪካኑን ከጎማው አጠገብ አስቀመጠች። «እኔ ሩዙን ከአረሙ ለመለየት ነው የመጣሁ፤ አሁኑኑ እዚሁ እለያለሁ። እርስዎም የመኪናዎን ጭቃ ከእኔ ጭቃ ይለዩልኝ። ለምን የእርስዎ ገብቶ የእኔ በር ላይ እንደሚቀር እዚህ ይመልሱልኝ፣ ይኸ ሁሉ ሰው እየሰማ።»