አሸዋው ለማን ዘፈነ

«በቂጤ ነው ያንሸራተተኝ!» አለች ኢስቴል፣ የቡና ኩባያዋ እንዳይፈስ ከፍ አድርጋ ይዛ። «ያን የመሰለ ቀሚስ ለብሼ፣ ከአሸዋው ተራራ ጫፍ ላይ አስቀመጠኝና ገፋ አደረገኝ። ከዚያስ ምን ሆነ መሰላችሁ? አሸዋው ዘፈነ!»

ለቀስተኞቹ ሳቁ። በእኛ በአይሁዶች ዘንድ ሐዘን ቤት መሳቅ ነውር የለበትም። ሰው የሚመጣው ስለ ሟቹ ሊያወራ ነው፤ ሄርሼልን ደግሞ ሳይስቁ ማውራት አይሆንም። ያልሳቀችው ሮዝሊን ብቻ ነበረች።

ሮዝሊን ሚስቱ ናት። ትናንት ሰኞ ከመቃብሩ አፋፍ ቆማ፣ እንደ ወጉ በአካፋው ጀርባ ሦስት ጊዜ አፈር የመለሰችበት ሚስቱ። አሁን በሕጉ መሠረት የጨርቅ ጫማ ተጫምታ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ የተቀደደ ጥቁር ጥብጣብ ተሰክቷል፤ የሳሎኑ መስተዋት በአንሶላ ተሸፍኗል። ከጎኗ በሌላ በርጩማ የሄርሼል እህት ጎልዲ አለች። ሄርሼል ልጅ ስላልነበረው ሰባቱን የሐዘን ቀን ለመቀመጥ መብት ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ኢስቴል ከሠላሳ ዓመት በፊት የፈታት የመጀመሪያ ሚስቱ ናት። የተፈታች ሚስት ደግሞ በእኛ ሕግ ሐዘንተኛ አይደለችም። እንደማንኛውም እንግዳ ምግብ ይዛ መጥታ፣ አጽናንታ፣ ወደ ቤቷ መሄድ ነው።

ኢስቴል ግን የምትሄድ አልሆነችም። ሐዘንተኛ ተነሥታ እንግዳ ማስተናገድ ስለማይፈቀድላት ወጥ ቤቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ኢስቴል ከመቃብር መልስ ቀጥታ ገብታ ያዘችው። ሮዝሊን በርጩማዋ ላይ ሆና የገዛ ቁም ሳጥኖቿ ሲከፈቱና ሲዘጉ ትሰማለች።

«ሮዝሊን፣ ስኳሩን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣሁት!» ትላለች ኢስቴል ከውስጥ። «እዚያ ይሻላል!»

አንዱ እንግዳ፣ «እንዴት ያለ ድምፅ ነው ግን? አሸዋ ይዘፍናል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«እንደ አውሮፕላን ነው እንጂ! በላያችን የሚያልፍ ነበር የሚመስለው» አለች ኢስቴል ከወጥ ቤት ብቅ ብላ።

ጎልዲ ወደ ሮዝሊን ጆሮ ጠጋ አለች። «አንቺንም እዚያው ወስዶሽ የለ? ስትጋቡ?»

«ወስዶኛል» አለች ሮዝሊን።

«ወንድሜ እንዲህ ነበር። አንድ ቀልድ ካገኘ ዕድሜ ልኩን ነው የሚመነዝረው።»

ሮዝሊን ደረቷ ላይ ያለውን ጥብጣብ ጨብጣ ያዘች። ለአሥራ ሰባት ዓመት ስለዚያ አሸዋ ለማንም አውርታ አታውቅም። የሷና የሱ ብቻ የሆነ ነገር መስሏት ነበር።

ሲጋቡ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት አግብታ አታውቅም። ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ታነሣ ነበር፤ ሄርሼል ሶፋ አልባሽ ነበር፤ የእንግዳ መቀበያውን ወንበሮች ጨርቅ ሊቀይር መጥቶ ስለ ጨርቁ ቀለም ሲከራከራት አንድ ወር ቆየ። አንድ ረቡዕ ደውሎ፣ «ሮዝ፣ ነገ ላስ ቬጋስ ሄደን እንጋባ» አላት። «ረቢው ይቆየን፤ ጓደኞችሽም ይቆዩን። አንድ ቦርሳ ብቻ ያዢ።» በማግስቱ ጠዋት በዚያ ቡናማ መኪናው ተነሡ። ከሎስ አንጀለስ እስከ ባርስቶው ሱፍ እየፈለፈለ፣ ሬዲዮው ላይ የሚያወራውን ሰውዬ ሲሳደብ ሄደ። የሚከራከረው ሰው ካጣ ሬዲዮም ይበቃዋል።

በአበባ መሸጫና በመያዣ አበዳሪ መካከል ባለች ጠባብ የሠርግ አዳራሽ ተጋቡ። ከዚያ ቁማር ቤት ገቡ። የሳንቲም ማሽኖቹ ይንጫጫሉ፤ ሰዓት የሚባል ነገር ግድግዳው ላይ የለም። እግሯ እስከ ጭኗ የተራቆተ አስተናጋጅ መጠጥ ይዛ መጣችና ሄርሼልን «የኔ ማር፣ ምን ላምጣልህ?» አለችው። ሮዝሊን እጅጌውን ይዛ ጎተተችው።

«ምን ሆንሽ?»

«'የኔ ማር' አለችህ።»

«ሮዝ፣ ይቺ ለዘጠና ዓመት ሽማግሌም ይሄንኑ ነው የምትለው!» ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን እጅጌውን አልለቀቀችም። ቀናተኛ ናት፤ መሆኗንም አትክድም። ሃምሳ ዓመት ጠብቃ ያገኘችውን ማንም ዝም ብሎ እንዲያይባት አትፈልግም ነበር።

በማግስቱ ከአውራ ጎዳናው አስወጣትና ዛፍ በሌለበት በረሃ ውስጥ ረጅም መንገድ ነዳ። ከዚያ በእግር ሆነ። ጫማዋ አሸዋ ሞላ፤ ባርኔጣዋን ንፋሱ ሊወስድባት ታገላት፤ እሷ ስታጉረመርም እሱ ወደፊት ወደፊት ይላል። የአሸዋው ተራራ ጫፍ ሲደርሱ፣ «ተቀመጪ» አላት።

«አብደሃል?»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ተንሸራተቱ። ያኔ ከበታቿ፣ ከአሸዋው ሆድ ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ ተነሣ። በጭኗ ገብቶ፣ በአከርካሪዋ ወጥቶ፣ ጥርሶቿን አንቀጠቀጠው። ጮኸች። ክንዱን ጨምድዳ ያዘች። ሄርሼል ግን እታች ሲደርስ በጀርባው ተዘርሮ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ዋንጫ የበላ ሰው ይመስል። ያ ሁሉ ደስታ ከየት እንደመጣ ሮዝሊን አልገባትም።

«እዚህ ሌላ ሰው አምጥተህ ታውቃለህ?» አለችው። ሳትጠይቅ አትቀርማ።

«ማንንም» አላት።

ያቺን «ማንንም» አሥራ ሰባት ዓመት እንደ ወርቅ ይዛ ኖራለች። ይኸው አሁን ኢስቴል ከቡናው ጋር እየዞረች ለመንደሩ ሁሉ ታድላታለች።

ረቡዕ ዕለት ሮዝሊን አላለቀሰችም። ለቀስተኞቹ «ሐዘኑ አደረቃት» እያሉ ተንሾካሾኩ። ሐዘን ሳይሆን ቅናት ነበር ያደረቃት። ሙትን ደግሞ አትጠይቀው፣ አትሰድበው። ዋሽተኸኛል ብላ ሳህን ብትወረውር ማን ላይ ያርፋል? ስለዚህ ጥብጣቧን እያሻሸች ኢስቴልን በዓይኗ ትከተላለች፤ የማን ሳህን የት እንደሚገባ ስትወስን፣ የማን አክስት የት እንደምትቀመጥ ስትመራ። ባሏን ከሌላ ሚስት ጋር የተካፈለች እንጂ የቀበረች አልመስላት አለ። ጣውንት ማለት ይሄ ነው፤ ሰውየው ከሞተም በኋላ ቤት አይበቃም።

ሐሙስ ኢስቴል ታሪኩን ለሦስተኛ ጊዜ አወራች። «እንደ አውሮፕላን ነው፤ በላያችን የሚያልፍ ነበር የሚመስለው!» ስትል ሮዝሊን ቀና አለች። በላያችን? እዚያ አሸዋ ላይ የተንሸራተተ ሰው ወደ ላይ አያይም። ድምፁ በጆሮ የሚሰማ አይደለማ፤ በመቀመጫ ነው የሚገባው።

ዓርብ ጠዋት እንግዳ ሳይመጣ፣ ጎልዲም ገና ሳትነሣ፣ ሮዝሊን ከበርጩማዋ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ኢስቴል ኩባያ እያጠበች ነበር።

«ምነው ተነሣሽ? ምን ላምጣልሽ?»

«ድምፁ ከየት ነበር የሚመጣው?»

«የምን ድምፅ?»

«የአሸዋው። ከላይ ነው ከታች?»

ኢስቴል ቧንቧውን ዘጋች። «ስንት ዘመኑ! ማን ያስታውሰዋል?»

«የሰማ ሰው አይረሳውም። ስሚኝ ኢስቴል፤ ቤቴ ገብተሽ፣ ስኳሬን አንሥተሽ፣ ባሌን በሰው ፊት ስትተርኪው አራት ቀን ዝም አልኩሽ። ለቀባሪው አረዱት ይሉሻል ይሄ ነው! አሁን ንገሪኝ። ሄደሻል ወይስ አልሄድሽም?»

«ሄጃለሁ» አለች ኢስቴል። እጇን በፎጣው ቀስ ብላ አደረቀች። «ግን አልዘፈነም።»

ሮዝሊን የወጥ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ዋዜማውን ዘንቦ ነበር። እኔ ሆቴሉ ገንዳ ዳር ፀሐይ እየሞቅኩ ደስ ብሎኝ ተኝቼ ሳለ ጎትቶ ወሰደኝ። ተንሸራተትኩ፣ ምንም የለም። 'ድገሚው' አለኝ፤ ደገምኩት። አራት ጊዜ! አሸዋው እርጥብ ነበራ። 'ሄርሽ፣ አሸዋህን ጉንፋን ይዞታል' አልኩት። እስከ ቤታችን ድረስ አላናገረኝም። ከዚያም በኋላ በተጣላን ቁጥር እሱን ነው የማነሣበት። እስክንፋታ።»

«ታዲያ ድምፁን ማን ነገረሽ?»

ኢስቴል ፎጣውን አጣጠፈች። «ይሄን አትጠይቂኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ። ደወለልኝ፤ ከዚያው ከበረሃው፣ ከነዳጅ ማደያ። ከተፋታን አሥራ ሦስት ዓመት ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። 'ኢስቴል፣ ዘፈነ! እንደ አውሮፕላን ነው! ምስክር አለኝ!' ብሎ ዘጋው። ሰላምታ እንኳ የለው።»

ሮዝሊን ማደያው ትዝ አላት። መኪና ውስጥ ሁለት የበረዶ ውኃ ይዛ ስትጠብቀው፣ የስልኩ ሳጥን ውስጥ ሆኖ እጁን ሲያወናጭፍ አይታዋለች። «ማን ጋ ነው?» ስትለው «ጎልዲ ጋ» ብሏት ነበር። በተጋቡ በማግስቱ፣ ከበረሃ ወጥቶ መጀመሪያ የደወለው ለፈታት ሚስቱ ኖሯል። ለፍቅር እንኳ አይደለም፤ ያረጀ ክርክር ለመርታት።

«ለምን ዋሸሽ?»

«ታዲያ ምን ላውራ?» አለች ኢስቴል፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «አንቺ በርጩማ አለሽ፣ ጥብጣብ አለሽ። ሰው ሁሉ እጅሽን ይዞ 'እግዜር ያጽናሽ' ይልሻል። እኔን 'ቡና አለ ወይ?' ነው የሚሉኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ የተረፈኝ ጠብ ብቻ ነው። ሐዘን ቤት ጠብ ይወራል? ስለዚህ ያንቺን ወሰድኩ።»

«ሌባ» አለቻት ሮዝሊን። «እሑድ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እናገርብሻለሁ።»

«ተናገሪ» አለች ኢስቴልና ወደ ኩባያዎቿ ዞረች።

ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ እንግዳ አልነበረም፤ ኢስቴልም አልመጣችም። ሮዝሊን ስኳሩን ወደ ታችኛው መደርደሪያ መለሰችው። የምትናገረውን በልቧ እያዘጋጀች ዋለች፦ ዘፈኑ የኔ ነው፣ ለሷ አልዘፈነላትም፣ ውሸቷን ነው። ቃሉ ይጣፍጣል። ግን ባዘጋጀችው ቁጥር ሄርሼል ከመሃል እየገባ ያበላሽባታል። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐኪሙ «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ቢለው «ኧረ ረቡዕ ነው» ብሎ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያስመጣ ሰው ነው። «ኢስቴልን አምጥቻት ነበር» ቢላት ኖሮ «ታዲያ ዘፈነላት?» ማለቷ አይቀርም፤ አለመዝፈኑን ደግሞ በሕይወቱ አያምንላትም። ለዚህ ነው «ማንንም» ያላት። መሸነፍ አይችልማ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ትሰድበዋለች።

እሑድ ጠዋት ሳሎኑ ሞላ። ያን ቀን የሚቀመጡት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ረቢው «ተነሡ» ይላል፤ ሐዘንተኞቹ መንደሩን አንድ ዙር በእግራቸው ይዞራሉ፤ ያኔ ሰባቱ ቀን ያበቃል። የሄርሼል የአጎት ልጅ ማርቪን ቀብሩ አምልጦት ገና ከክሊቭላንድ መግባቱ ነበር።

«ኢስቴል፣ እስቲ ለማርቪን የአሸዋውን ንገሪው!» አለች ጎልዲ።

ኢስቴል ወጥ ቤቱ በር ላይ ቡና ይዛ ቆማለች። «ለሌላ ጊዜ ይሁን።»

«እባክሽ» አለ ማርቪን፤ «ዘፈነ ሲሉ ሰማሁ። ምን ዓይነት ድምፅ ነበር?»

ኢስቴል ሮዝሊንን አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ሰበረች፤ ጥፊዋን እንደሚጠብቅ ሰው። ሮዝሊን ስትጠብቀው የነበረው ሰዓት ደረሰላት፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ነው። ያቺ ሴት ደረቷ ላይ ምንም የላትም፣ ጥብጣብ የለ፣ ምን የለ። እጇ ላይ የሌላ ሰው ቡና ብቻ።

«ከታች ነው የሚመጣው» አለች ሮዝሊን። «ኢስቴል፣ ኩባያውን አስቀምጪና እዚህ ነይ።»

ኢስቴል መጥታ ከበርጩማው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ለሁለታችንም ዘፍኗል» አለች ሮዝሊን ለማርቪን። ትንሽ አሰበችና፣ «ለእኔ በለጥ አድርጎ ነው እንጂ» ጨመረች።

ከዚያ አፏን ዘግታ፣ ከደረቷ ግርጌ፣ የአሸዋውን ወፍራም ድምፅ አወጣችው። ረቢው የለቅሶ መስሎት አንገቱን ደፋ። ድምፁ ሊቆራረጥ ሲል ትንፋሽ ወስዳ ቀጠለች። ኢስቴል በዝግታ እጇን ዘርግታ መዳፏን ሮዝሊን ጀርባ ላይ አሳረፈች፤ ንዝረቱ እስከ ክርኗ ድረስ ገባ። ሮዝሊን ጀርባዋን አላሸሸችም።